«ጠንከር ያለውን ስጡልን»

በአባቴ አልጋ ሥር አንድ ጥቁር ፌስታል ነበር። በፌስታሉ ውስጥ 14 ትንንሽ የመድኃኒት ብልቃጦች ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ አራት ፋርማሲ ዞሬ የገዛኋቸው ናቸው። የመድኃኒቱ ስም ቫንኮማይሲን ይባላል። ዋጋው ውድ ነው፤ ሰው ሁሉ «ጠንካራ ነው» ይለዋል። ሌሊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ያንን ፌስታል ባየሁ ቁጥር ልቤ ትንሽ ያርፍ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ነጭ ጋዋን የለበሰች አንዲት ወጣት ከሐኪሞቹ ጋር መጣች። የአባቴን ካርድ ገልጣ አነበበች። ከሐኪሙ ጋር በዝግታ ተነጋገረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድሜ፣ ቫንኮማይሲኑን ዛሬ እናቆመዋለን» አለችኝ።

«ለምን፣ ሲስተር? ገንዘቡ ከሆነ ችግር የለም፤ የአሥር ቀኑን ገዝቼዋለሁ» አልኳት። ፌስታሉንም አውጥቼ አሳየኋት።

ፈገግ አለች። «ሲስተር አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። የገንዘብ ጉዳይም አይደለም። አባባ ይህ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም።»

ተናደድኩ። «ትኩሳቱ ገና ትናንት ነው የወረደው! ጠንካራውን መድኃኒት ታነሱበታላችሁ?» ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት አስታማሚዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ጠዋት ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሶፍትዌር ኢንጂነር ነኝ። ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ማስተርሴን የሠራሁት ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ ዴልፍት በምትባል ከተማ ነው፤ አሁንም የምኖረው እዚያው አገር ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ ሐኪም ምክር አትውሰዱት። የአንድ አስታማሚ ታሪክ ነው።

«አስታማሚ» የሚለውን ቃል ምናልባት ከቤተሰቦቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በሽተኛ ብቻውን አይተኛም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው አብሮት ያድራል። ያበላዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ላብራቶሪ ይሮጣል፣ መድኃኒት ይገዛል። ያ ሰው አስታማሚ ይባላል። ለሁለት ሳምንት የእኔ ሥራ ይህ ነበር።

ከጫማ የጀመረ ቁስል

አባቴ የስኳር በሽታ ካለበት ብዙ ዓመት ሆኖታል። ስኳር በሽታ ሲቆይ የእግርን ስሜት ያደነዝዛል። አንድ ቀን አዲስ ጫማ ተረከዙን ላጠው፤ እሱ ግን ሕመሙ አልተሰማውም። ቁስሉን ያየችው እማዬ ናት። ካየች በኋላም እሱ «ትንሽ ነገር ነው፤ ለልጆቹ እንዳትነግሪ» አላት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ለእኛ ሲነግረን ያደገ ሰው ራሱ ደበቀ።

በሳምንቱ እግሩ አበጠ፣ ቀላ፣ ትኩሳት ያዘው። እማዬ ደውላ «እግሩ ሽታ አምጥቷል» ስትለኝ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጥኩ።

ሆስፒታል በገባን ቀን ሐኪሞቹ ቁስሉን ከፍተው መግሉን አወጡ። ከመግሉ ትንሽ ወስደው ወደ ላብራቶሪ ላኩ። በዚያው ሰዓት ሁለት አንቲባዮቲክ በደም ሥር ጀመሩለት። አንዱ ሴፍትሪያክሶን ነው፤ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይገድላል። ሁለተኛው ቫንኮማይሲን ነው፤ ሌሎች መድኃኒቶችን የተላመዱ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ይገድላል።

ሁለት ለምን አስፈለገ? በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ የትኛው ጀርም እግሩን እንዳመረቀዘው አያውቅም። በሽተኛው ግን እየተንቀጠቀጠ ነው። ውጤት እስኪመጣ ቢጠብቅ ሰውየው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ይገምታል፤ የተጠረጠሩትን ጀርሞች ሁሉ የሚያካትት ሰፊ ግምት ይወስዳል። ይህ ትክክለኛ ሕክምና ነው። በመጀመሪያው ቀን ማንም አልተሳሳተም።

የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቫንኮማይሲን በሆስፒታሉ ፋርማሲ ስላልነበረ «ከውጭ ግዙ» ተባልን። ማዘዣው የሦስት ቀን ብቻ ነበር። እኔ ግን «ነገ ከገበያ ቢጠፋስ?» ብዬ ፋርማሲዎቹን እየለመንኩ የአሥር ቀን ገዛሁ። እህቴ ከዋሽንግተን ደውላ «ጠንከር ያለውን እንዲሰጡት ንገራቸው» አለችኝ። አጎቴ ከዱባይ «እዚያ ከሌለ ከዚህ እልካለሁ፤ ደካማውን እንዳትቀበል» አለኝ። ሁላችንም እንወደዋለን፤ ሁላችንም ሩቅ ነን። ከሩቅ ሆኖ ፍቅርን መግለጫው ደግሞ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ነው፤ ውድ መድኃኒት ትልቅ ፍቅር ይመስላል።

የሚላመደው ማን ነው?

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን የሚገድል ወይም እንዳይራባ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ቫይረስን አይገድልም። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ የሚመጡት ከቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አያድናቸውም።

የመጀመሪያው ታዋቂ አንቲባዮቲክ ፔኒሲሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባለ ሳይንቲስት አገኘው። ከዚያ በፊት በቁስል፣ በሳንባ ምች ወይም በወሊድ ጊዜ ኢንፌክሽን ብዙ ሰው ይሞት ነበር። ፍሌሚንግ በ1945 ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ሲቀበል በንግግሩ አስጠነቀቀ፦ መድኃኒቱን በማይበቃ መጠን የሚወስድ ሰው ጀርሞቹን መድኃኒቱን እንዲቋቋሙ ያስተምራቸዋል አለ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

እኛ አገር ሰዎች «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም እንዲህ ነበር የማስበው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱን የሚላመደው ሰውነታችን ሳይሆን ባክቴሪያው ነው።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳችሁ። በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥና ላይ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች አሉ። አብዛኞቹ ጎጂ አይደሉም። አንቲባዮቲክ ሲገባ የሚገድለው ያመመንን ጀርም ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹንም ይመታል። ከመካከላቸው መድኃኒቱን መቋቋም የሚችሉ ጥቂቶች ካሉ እነሱ ይተርፋሉ። ሌሎቹ ስለሞቱ ቦታውና ምግቡ ለእነሱ ይሆናል። ይባዛሉ። ከዚያ በእጅ፣ በአልጋ፣ በመሣሪያ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳሉ። ስለዚህ መድኃኒት የተላመደ ጀርም አንቲባዮቲክ ወስዶ የማያውቅን ሕፃን ጭምር ሊያጠቃ ይችላል።

ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2022 የታተመ ትልቅ ጥናት እንደገመተው፣ በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ሞተዋል። ከሕዝብ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ሞቱ ከፍተኛ ሆኖ የተገኘው ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል ነው። ብዙ አንቲባዮቲክ በመግዛት ግን ከዓለም አንደኛ የሆነው ይህ አካባቢ አይደለም። ታዲያ ሞቱ ለምን እዚያ በዛ?

ሐኪሙን የሚያስጨንቁት ነገሮች

መልሱን በዎርዱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀስ በቀስ አየሁት።

አንደኛው ላብራቶሪ ነው። ጀርሙን ለይቶ የሚያውቀው ምርመራ «ካልቸር» ይባላል። ከደም፣ ከሽንት ወይም ከመግል ናሙና ይወሰዳል። ናሙናው ላይ ያለው ባክቴሪያ እንዲያድግ ይደረጋል። ከዚያ የተለያዩ አንቲባዮቲኮች ይሞከሩበታል፤ የትኛው እንደሚገድለው ይታያል። ይህ ሁሉ ሁለት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የሠለጠነ ሰው፣ የማያቋርጥ መብራትና ከውጭ አገር የሚገባ ግብዓት ይፈልጋል። ብዙ ድሃ አገሮች ውስጥ ካልቸር የሚሠሩት ጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ናቸው። ሌላው ቦታ ሐኪሙ የመጀመሪያ ቀን ግምቱን ይዞ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ስህተት ቢሆንም የሚነግረው የለም።

ሁለተኛው የመድኃኒት አቅርቦት ነው። ሐኪሙ ማዘዝ የሚችለው ያለውን ነው። ቀላሉና ትክክለኛው መድኃኒት ከመጋዘን ካለቀ፣ በእጁ ያለውን ሴፍትሪያክሶን ያዛል። ሴፍትሪያክሶን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በጣም ከሚታዘዙት አንቲባዮቲኮች አንዱ ነው። በብዙ ኢንፌክሽን ላይ ይሠራል፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ይሰጣል፣ ዋጋውም በጣም ውድ አይደለም። ለነርሷም ለሐኪሙም ይመቻል። ችግሩ መመቸቱ ነው። ለሁሉም ሰው ሲሰጥ ለሚያስፈልገው ሰው መሥራት እያቃተው ይሄዳል።

ሦስተኛው ልማድ ነው። ለምሳሌ ከቀዶ ሕክምና በፊት ኢንፌክሽን ለመከላከል አንቲባዮቲክ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ መከላከያ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ እንዳይቀጥል ይመክራል። በብዙ ቦታ ግን «ለጥንቃቄ» ተብሎ ለቀናት ይቀጥላል።

አራተኛው ፍርሃት ነው። አንድ ወጣት ሐኪም በሌሊት ተራው ብዙ በሽተኛ ያያል። አንቲባዮቲክ ባለመስጠቱ አንድ ሰው ቢሞት ይወቀሳል። አብዝቶ በመስጠቱ ግን የሚወቅሰው የለም። ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ፣ በሌላ አልጋ ላይ፣ በሌላ ሰው ላይ ነው።

አምስተኛው እኛ ነን። «ጠንከር ያለውን ስጡልን» እያልን የምንቆም ቤተሰቦች።

ነገር ግን ድሃ አገር ውስጥ ችግሩ የአንቲባዮቲክ መብዛት ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትረዱኝ። ከገጠር ጤና ጣቢያ ርቆ የሚኖር፣ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ተራ አሞክሲሲሊን ሳያገኝ ሊሞት ይችላል። የሚያስፈልገው ሰው ያጣል፤ የማያስፈልገው ሰው ያገኛል። ትክክለኛ አጠቃቀም ማለት ሁለቱንም ማስተካከል ነው።

ሦስት መደርደሪያ

ያን ቀን ፋርማሲስቷ ቁጣዬ እስኪበርድ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወሰደችኝና አንድ ነገር ነገረችኝ። እስካሁን አልረሳሁትም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ምድብ ከፈላቸው። በሦስት መደርደሪያ ልንመስላቸው እንችላለን። በመጀመሪያው መደርደሪያ ላይ በየትኛውም ቦታ ሊገኙ የሚገባቸው፣ መላመድን የማስፋፋት ዕድላቸው አነስ ያለ መድኃኒቶች አሉ። አሞክሲሲሊን፣ ክሎክሳሲሊንና ጄንታማይሲን እዚህ ናቸው። በሁለተኛው ላይ በጥንቃቄ፣ ለተወሰኑ በሽታዎች ብቻ መታዘዝ ያለባቸው አሉ። ሴፍትሪያክሶን፣ አዚትሮማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቫንኮማይሲን እዚህ ናቸው። ሦስተኛው መደርደሪያ የመጨረሻው ነው። እንደ ኮሊስቲን ያሉት እዚያ ይቀመጣሉ፤ የሚነኩት ሌላው ሁሉ አልሠራ ሲል ነው።

በመስከረም 2024 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች ኒውዮርክ ላይ ተሰብስበው አንድ ግብ አስቀመጡ። በ2030 በዓለም ላይ ሰዎች ከሚወስዱት አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው ከመጀመሪያው መደርደሪያ እንዲሆን ተስማሙ።

«እሺ፣ ገባኝ» አልኳት። «ግን አባቴ በጠና ታሟል። ለእሱ ከሁለተኛው መደርደሪያ ቢሰጠው ምን ይጎዳል?»

ሁለት ወረቀት አሳየችኝ። የመጀመሪያው የካልቸር ውጤት ነበር። ከአባቴ መግል ላይ ያደገው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ክሎክሳሲሊን በደንብ ይገድለዋል። ሁለተኛው የኩላሊት ምርመራ ነበር። በገባ ቀን ደህና የነበረው ቁጥር ከፍ ብሏል። ቫንኮማይሲን ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ የስኳር በሽተኛ ኩላሊት ደግሞ ቀድሞውኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

«ይህ ባክቴሪያ በክሎክሳሲሊን የሚሞት ከሆነ ክሎክሳሲሊን ከቫንኮማይሲን ይሻላል» አለችኝ። «አንተ ጠንካራ የምትለው መድኃኒት ለዚህ ጀርም ደካማው እሱ ነው። ሴፍትሪያክሶኑንም አብረን እናቆማለን።»

ምንም መልስ አልነበረኝም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። እኔ ደግሞ አፍስሼ ልለቅም ያልቻልኩት የአባቴን ኩላሊት ሊሆን ነበር።

ማቆምም ሕክምና ነው

ፋርማሲስቷ በእጇ የያዘችው አንድ ገጽ ቅጽ ነበር። በየቀኑ አንቲባዮቲክ ወደሚወስዱ በሽተኞች እየሄደች አራት ጥያቄ ትጠይቃለች። በእርግጥ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን አለ? ምርመራው ምን አለ? መድኃኒቱና መጠኑ ልክ ነው? መቼ ይቆማል? መልሱ ካላረካት ለሐኪሙ ትነግረዋለች፤ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በተለይ የምትጠብቀው ሕክምናው ከተጀመረ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ያለውን ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ በሽተኛው መሻሉ ወይም አለመሻሉ ይታያል፣ የላብራቶሪ ውጤትም ይደርሳል። የመጀመሪያ ቀን ግምት እንደገና የሚታይበት ቀን ነው።

ይህ ሥራ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተሠርቷል። ውጤቱ የታተመው በ2020 ነው። በጥናቱ ጊዜ ፋርማሲስቶች የበሽተኞችን አንቲባዮቲክ እየተከታተሉ ሐኪሞችን ያማክሩ ነበር። ክትትሉ ሲቋረጥ የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም በግማሽ ያህል ጨመረ። በሽተኞች በሆስፒታል የሚቆዩበት ጊዜ ረዘመ፤ የሞቱትም ቁጥር ከፍ አለ። እንዲህ ያለ ንጽጽር ብቻውን የሞቱን ምክንያት አያረጋግጥም። አንድ ነገር ግን በግልጽ ያሳያል፦ መድኃኒት መቀነስ በሽተኞችን አልጎዳም። ይህንን ያደረጉትም አዲስ ማሽን ሳይሆን በየቀኑ የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው።

ይህን ስሰማ ስለ ሥራዬ አሰብኩ። እኛ ዘንድ ሲስተም በሌሊት ሲወድቅ መጀመሪያ በማንኛውም መንገድ እናስነሳዋለን። ምክንያቱን ገና አናውቅም፤ የተጠረጠረውን ሁሉ እንነካካለን። ጠዋት ግን ቁጭ ብለን ሎጉን እናነባለን። ምክንያቱን ስናገኝ በሌሊት የለጠፍነውን ጊዜያዊ ጥገና እናነሳለን። ካላነሳነው እዚያው ይቀራል። ከዓመት በኋላ ለምን እንደተጨመረ የሚያስታውስ ሰው አይኖርም፤ ለመንካትም ሁሉም ይፈራል። አንቲባዮቲክም እንዲሁ ነው። ለመጀመር አንድ ሰው ሌሊት ላይ ማዘዙ ይበቃል። ለማቆም ግን ጠዋት የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

የሙያዬ ነገር ሆኖ «ለዚህ መተግበሪያ ልሥራላችሁ?» አልኳት።

ሳቀች። «መተግበሪያውን ከማምጣትህ በፊት ለካልቸር የሚሆን ግብዓት ብታመጣልን ይሻላል። ባለፈው ወር አልቆብን ነበር።»

ከውጭ ስንደውል

ወደ ኔዘርላንድስ ስመለስ አንድ ነገር አስተዋልኩ። እዚህ የምንኖር ሐበሾች ስለ ቤተሰብ ሐኪም የምንቀልደው አንድ ቀልድ አለ፦ «እግርህ ቢቆረጥም ፓራሲታሞል ነው የሚሰጡህ» እንላለን። እኔም በጉንፋን ስታመም አንቲባዮቲክ ስለተከለከልኩ ብዙ ጊዜ አጉረምርሜአለሁ። ኔዘርላንድስ ግን ከአውሮፓ አንቲባዮቲክ በትንሹ ከሚጠቀሙ አገሮች አንዷ ናት። ያ ሐኪም አልናቀኝም ነበር። የማያስፈልገኝን መድኃኒት ነው የከለከለኝ።

በየቤታችሁ ተመሳሳይ ነገር ሳይኖር አይቀርም። ምናልባት እናታችሁ ወደ አገር ቤት ስትሄድ ሻንጣዋ ውስጥ አሞክሲሲሊን ትይዛለች። ወይም አክስታችሁ ከዚያ ስትመጣ ያለ ማዘዣ የገዛችውን ካፕሱል ለ«ምናልባት» ታመጣለች። ከባለፈው ሕመም የተረፈ ፍሬም መሳቢያ ውስጥ ይኖር ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በፍቅር ነው። እኔም ያንን ፌስታል የሞላሁት በፍቅር ነው።

እናንተ ግን በቤታችሁ ውስጥ አንድ ነገር መለወጥ ትችላላችሁ። አያታችሁ ወይም አጎታችሁ ሆስፒታል ሲገቡ ቤተሰቡ ሁሉ ይደውላል። በዚያ ጊዜ «ጠንካራውን አሰጧቸው» ከማለት ይልቅ አስታማሚውን እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቁት፦

«መድኃኒቱ ለምን በሽታ ነው የታዘዘው?»

«ምርመራ ተልኳል? ውጤቱስ መቼ ይደርሳል?»

«ለስንት ቀን ነው የታዘዘው?»

«ከመርፌ ወደሚዋጥ መቼ ይቀየራል?»

ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፤ ሐኪም መሆን አይጠይቁም። አስታማሚው መልሱን ካላወቀ ጠዋት ሐኪሙን ይጠይቃል። እንዲህ ሲጠየቅ ሐኪሙም አንድ ነገር ይረዳል፦ ይህ ቤተሰብ የሚፈልገው ብዙ መድኃኒት ሳይሆን ትክክለኛውን መድኃኒት ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ይህን ያነበበ ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም። የአባቴን መድኃኒት የቀየሩት ሐኪሙና ፋርማሲስቷ ናቸው፤ የቀየሩትም ወረቀት አይተው ነው። ሁለተኛ፣ በሽተኛ ስትጠይቁ ስትገቡም ስትወጡም እጃችሁን ታጠቡ። መድኃኒት የተላመደ ጀርም በእጃችን ነው የሚጓዘው።

የ14ቱ ብልቃጦች ነገር

ከአባቴ ጎን ባለው አልጋ ላይ አንድ ወጣት የግንባታ ሠራተኛ ተኝቶ ነበር። ከፎቅ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል፤ ቁስሉም አመርቅዟል። እናቱ ከገጠር መጥተው ያስታምሙታል። ማታ ማታ ከእኔ ጋር ቡና እንጠጣ ነበር።

የአባቴ መድኃኒት በተቀየረ በማግስቱ የልጁ ካልቸር ውጤት መጣ። የእሱም ጀርም ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነበር፤ ክሎክሳሲሊን ግን አይገድለውም። የእሱ ጀርም ተላምዷል። የሚያስፈልገው መድኃኒት ቫንኮማይሲን ነበር። እናቱ ማዘዣውን ይዘው ወጡና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ዋጋውን ሰምተው ነው።

ፌስታሉን አንስቼ ልሰጣቸው ስል ቆም አልኩ። ከአንድ ቀን በፊት የተማርኩት ትዝ አለኝ። ወደ ፋርማሲስቷ ሄድኩ። ደረሰኙን፣ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀንና ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አየች። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ በልጁ ስም አስመዘገበቻቸው። የኩላሊት ምርመራውንም በየጊዜው እንደምትከታተል ነገረችኝ።

እናትየው «ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፤ አባትህን ይማርልህ» ብለው መረቁኝ። እኔ ግን አፈርኩ። ያ መድኃኒት አባቴ ላይ እንዲቀጥል ስጮህ፣ በትክክል የሚያስፈልገው ሰው ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ተኝቶ ነበር።

አባቴ በ12ኛው ቀን ከሆስፒታል ወጣ። የኩላሊቱ ቁጥር ወርዷል፣ ቁስሉ መድረቅ ጀምሯል፤ የቀረውን ክሎክሳሲሊን በሚዋጥ ካፕሱል ጨረሰ። ስንወጣ ወጣቱ ገና አልጋው ላይ ነበር፤ ትኩሳቱ ግን ለቆት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለአባቴ ደወልኩ። ድምፁ ጎርነን ብሏል።

«ምን ሆነሃል፣ አባዬ?»

«ጉንፋን ነው። ፋርማሲ ሄጄ ነበር። ልጁ ካፕሱል ሊሰጠኝ ሲል ‹የምን ምርመራ አይተህ ነው?› አልኩት።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«ሳቀ። ካፕሱሉንም ወደ መደርደሪያው መለሰው።»

«ታዲያ አሁን ምን እየወሰድክ ነው?»

«ምንም። እናትህ ዝንጅብል በማር አፍልታልኛለች» አለኝ።

የዚህ ሳምንት ቃላት

ብልቃጥ፦ ትንሽ የመስተዋት የመድኃኒት ዕቃ።

ማዘዣ፦ ሐኪም የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ቀን የሚጽፍበት ወረቀት።

መግል፦ ከተመረዘ ቁስል የሚወጣ ወፍራም ፈሳሽ።

አመረቀዘ፦ ቁስሉ መግል ያዘ፣ ባሰበት።

ግብዓት፦ ለአንድ ሥራ የሚያስፈልግ ዕቃ ወይም ቁሳቁስ።

ተላመደ፦ ለመደ፤ ስለ ጀርም ስንናገር መድኃኒቱ አልገድለው አለ ማለት ነው።